ሳይለንት ሀንተር 3፦ ጅብራልታር በር ላይ ጀልባዬ ከነሰዎቿ አለቀች፣ ነገሩ የተበላሸው የቱ ጋ ነው?

ቀበና_ካፕቴን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ጌም በደንብ የምታውቁ ካላችሁ እስኪ አስረዱኝ፣ ነገሩ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የምጫወተው የ2005ቱን ሳይለንት ሀንተር 3 ነው፣ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ካፒቴን የምትሆንበትን፣ ግሬይ ዎልቭስ የሚባለው ትልቁ ሞድ (ተጫዋቾች የሠሩት ማሻሻያ) ተጭኖበት። አዲስ ኮምፒውተር አይፈልግም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ መብራት ቢሄድ እንኳን ላፕቶፑ እስኪዘጋ ድረስ ባሕር ላይ ነህ፣ ለኛ የሚመች ጌም ነው። ሪያሊዝሙን ከፍ አድርጌ ነው የያዝኩት፣ የቶርፒዶ መክሸፍም የባትሪም የአየር ማለቅም በርቷል፣ ከሞትክ ደሞ ሞትክ ነው፣ የድሮ ሴቭ ከፍቶ መመለስ የለም።

ጀልባዋ ታይፕ ሰባት ሲ የምትባለው ሰርጓጅ ናት። ከሠራተኞቿ ጋር ብዙ ቆይተናል፣ ሃይድሮፎን (የውሃ ውስጥ ድምፅ ማዳመጫ) ላይ ያለውን ልጅ፣ ማሽን ክፍል ያሉትን፣ ሁሉንም በስማቸው ነው የማውቃቸው፣ ሜዳሊያ ያጠለቅኩላቸው አሉ። ዲሴምበር 1941 ፈረንሳይ ካለው የሴን ናዜር ወደብ ስወጣ የተሰጠኝ ትእዛዝ ከጅብራልታር በስተምዕራብ ያለውን የካርታ ካሬ እንድቃኝ ነበር፣ እሱን ጨርሼ በሰርጡ አልፌ ሜዲትራንያን ልገባ፣ ላ ስፔዚያ ወደብ ላይ ልቆም ነበር ሀሳቤ።

ቢስኬይ ላይ ቀን ከላይ እየተንሳፈፍን ስንሄድ፣ ታይም ኮምፕሬሽኑ (የጌሙ ጊዜ ማፍጠኛ) ከፍ ብሎ፣ አውሮፕላን ተባለ። ወዲያው ጥለቁ አልኩ ግን ሙሉ በሙሉ ሳንገባ ሁለት ቦምብ አጠገባችን ወደቀ። የኋለኛው ቶርፒዶ ክፍል ውሃ ገባው፣ ልጆቹ ተረባርበው ደፈኑት፣ ፓምፑ አወጣው፣ የሞተ ሰው የለም። የገላዋ፣ የብረት አካሏ ማለቴ ነው፣ ጥንካሬ መለኪያ ግን 74 ፐርሰንት ላይ ቀረ። ክፍሎቹ ሁሉ ተጠግነው አረንጓዴ ስለሆኑ ጉዞው ቀጠለ።

ከኬፕ ሴንት ቪንሰንት ወዲያ ማታ ላይ ወደ ሰሜን የሚሄድ ኮንቮይ (በጦር መርከብ የሚታጀቡ መርከቦች) አለ የሚል ሬዲዮ መጣ። ንፋሱ ከባድ ነው፣ ማዕበሉ ማማውን እየሸፈነው ጠባቂዎቹ ምንም አያዩም። ጨለማውን ተገን አድርጌ ከላይ እንደተንሳፈፍኩ ተጠጋሁና አራቱን የፊት ቶርፒዶዎች ለቀቅኩ፣ ሁለቱን ለአንድ ትልቅ ነዳጅ ጫኝ፣ ሁለቱን ከሱ ኋላ ለነበረው የጭነት መርከብ፣ ሁሉም በማግኔቲክ ማፈንጃ፣ ሆዳቸው ስር እንዲፈነዳ። ሁለቱ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ባሕሩ መሃል ላይ ፈነዱ! አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም። አራተኛው ነዳጅ ጫኙን መታው ግን አልሰጠመም፣ ፍጥነቱ ቀነሰ እንጂ። ከዛ ሰማዩ በመብራት ጥይት ቀን ሆነ፣ ሁለት አጃቢዎች ወደኔ ዞሩ።

150 ሜትር ወረድኩ፣ ሳይለንት ረኒንግ (ድምፅ ሳያሰሙ መሄድ) አበራሁ፣ 2 ኖት (በሰዓት 2 የባሕር ማይል)። ለሰዓታት ቀጠቀጡኝ። የኋለኛው ክፍልና የኤሌክትሪክ ሞተር ክፍሉ ውሃ ይዘዋል፣ ጥገናው ግን አይንቀሳቀስም፣ ጭራዋ እየከበደ ቀስ በቀስ ወደ ታች ትሄዳለች፣ ለመያዝ ፍጥነት ስጨምር ይሰሙኛል፣ ስቀንስ እሰምጣለሁ። የታመቀ አየር እየነፋሁ ነው ያቆምኳት። ሊነጋ ሲል ጥለውኝ ሄዱ።

ስወጣ ባትሪው ሩብ ያህል ቀርቷል፣ አየሩ ተሟጧል፣ ገላዋ 51 ፐርሰንት። ሰርጡ ደሞ ቅርብ ነው። በቀጣዩ ሌሊት በናፍጣ ሞተር እየሄድኩ፣ ባትሪውን እየሞላሁ ገባሁ። ታንጀር አካባቢ ስደርስ ዲስትሮየሮቹ ከጨለማ ውስጥ ወጡ፣ ባትሪው ገና ግማሽ አልሞላም፣ ጠለቅኩ፣ 120 ላይ የመጀመሪያው ዙር ሲፈነዳ ያው የኋላ ክፍል እንደገና ተከፈተ። የሚነፋ አየር አለቀ፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየገፋ ጀልባዋ ግን ወደ ታች፣ 160፣ 170፣ የብረቱ ጩኸት፣ ከዛ ያ ስክሪን። ሁሉም አለቁ።

አሁን ጥያቄዬ፣ ቶርፒዶው መሃል ባሕር ላይ መፈንዳቱ የሞዱ ባግ ነው? እሺ እሱ ይቅር፣ ሰርጡ ውስጥ ከገባሁ በኋላ የሚያድነኝ ነገር ነበር ወይስ ከዛ በፊት ነው ያለቀው?

ናፍጣ_ሽታ፦

ነፍስ ይማር ለልጆቹ፣ አብረውህ የቆዩ ሠራተኞች ሲያልቁ እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ።

ቶርፒዶውን ልመልስልህ፣ ባግ አይደለም፣ ሆን ተብሎ እንደዛ የተሠራ ነው። በታሪኩም የጀርመን ቶርፒዶ በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመታት የካፒቴኖቹ መከራ ነበር። ጊንተር ፕሪን የሚባለው፣ ኦክቶበር 1939 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰፈር ስካፓ ፍሎው ድረስ ገብቶ ሮያል ኦክ የተባለችውን የጦር መርከብ ያሰጠመው ሰውዬ፣ ኤፕሪል 1940 ኖርዌይ ፊዮርድ ውስጥ መልህቅ ጥለው የቆሙ መርከቦች ላይ ተኩሶ አንዱንም አላሰጠመም። የቆመ መርከብ እኮ ነው! ማግኔቲኩ ወይ ቀድሞ ይፈነዳል ወይ ጭራሽ ዝም ይላል፣ ቶርፒዶው ራሱ ደሞ ከታዘዘው ጥልቀት በታች ይሄድ ነበር፣ ጠልቀህ ስትቆይ ሰርጓጇ ውስጥ የሚጠራቀመው የአየር ግፊት ወደ ጥልቀት መቆጣጠሪያው እየሾለከ ያሳስተዋል። ይሄኛው ምክንያት እስኪገኝ 1942 ገብቷል። ማግኔቲኩን ግን የጀርመን ሰርጓጆች አዛዥ ዶኒትዝ በ1940 አጋማሽ ላይ ነው ተዉት፣ በግጭት ብቻ ተኩሱ ብሎ ያዘዘው። ስለዚህ አንተ በነበርክበት ወር እውነተኛ ካፒቴን ማግኔቲክ አይነካም ነበር።

ጌሙ ላይ ማዕበል ሲበዛ ማግኔቲክ ቀድሞ የመፈንዳቱ ነገር በጣም ይጨምራል። እንደዛ ባለ ንፋስ በግጭት አድርገው፣ ጥልቀቱን 3 ወይ 4 ሜትር፣ ከመርከቡ ጎን ጋ በተቻለ መጠን ቀጥ ያለ ማዕዘን ይዘህ ተኩስ፣ ሰያፍ ከሆነ ነክቶ ሳይፈነዳ ያልፋል። ለአንድ ነዳጅ ጫኝ ሁለት በግጭት ከመታው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ባሕሩ ጭራሽ የማይሆን ከሆነ ደሞ ኮንቮዩን ከሩቅ ተከትለህ ንፋሱ እስኪበርድ መጠበቅ ትችላለህ፣ እነሱ 7 እና 8 ኖት ነው የሚሄዱት አንተ ከላይ 17 ኖት አለህ፣ አያመልጡህም።

የመቆጣጠሪያ_ክፍል፦

ቀበና ወንድሜ፣ ሰርጡ ላይ አይደለም ያለቀው። ያለቀው ቢስኬይ ላይ ያ መለኪያ 74 ሲል ነው፣ ይሄን በደንብ ላስረዳህ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው።

ጌሙ ውስጥ ሁለት የተለያየ ጉዳት አለ። አንዱ የክፍል ጉዳት ነው፣ ውሃ ይገባል፣ ፓምፕ ይበላሻል፣ ልጆቹ ይጠግኑታል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ሌላው የገላዋ ጥንካሬ ነው፣ እሱ ወደብ እስክትገባ ድረስ በምንም አይመለስም። ክፍሎቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆነው ገላዋ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ታይፕ ሰባት ሲ ጤነኛ ስትሆን 200 ሜትር አልፋ ትወርዳለች፣ በ74 ያን ያህል አትደፍርም፣ በ51 ደሞ ያው አንተ እንዳየኸው 170 ላይ ተሰበረች። ጥልቀት ማለት መደበቂያህ ነው፣ ከፐርሰንቱ ጋር አብሮ የሚቀንሰው እሱ ነው። ስለዚህ ከአውሮፕላኑ በኋላ የነበረችው ጀልባ ከሴን ናዜር የወጣችው ጀልባ አይደለችም፣ ኮንቮይ ጋ ልትዋጋ የማትችል ጀልባ ናት። ሴን ናዜር ደሞ ቅርብ ነበር። ተመልሰህ ብትገባ የምታጣው ትንሽ ሪናውን (የጌሙ የዝና ነጥብ) ነው፣ ልጆቹ ግን አሉ።

ሁለተኛው፣ ሳይለንት ረኒንግ ስታበራ ጥገናም ቶርፒዶ መጫንም ይቆማል። ጥገናው የማይንቀሳቀሰው ለዛ ነው፣ ልጆቹ መዶሻ እንዳያሰሙ ታዘዋል። ለሰዓታት አብርተህ ከተውከው ውሃው ለሰዓታት እዛው ነው። መደረግ ያለበት ከነሱ ድምፅ ጋር አብሮ መሥራት ነው። ዲስትሮየሩ ለመጣል ሲመጣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ፕሮፔለሩ በጆሮ ይሰማሃል፣ ካናትህ በላይ ሲደርስ አስዲኩ (በድምፅ ሞገድ የሚፈልግህ መሣሪያ) አንተን አያይም ምክንያቱም ጨረሩ ወደፊት ነው የሚሄደው፣ ስሩ ያለውን ያጣዋል። ዴፕዝ ቻርጁ፣ የሚጥልብህ ቦምብ፣ ደሞ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ነው የሚሰምጠው፣ 150 ሜትር ላይ ላለህ 50 ሰከንድ ያህል አለህ ማለት ነው። በ50 ሰከንድ በ7 ኖት ከ150 ሜትር በላይ ትሄዳለህ፣ ቦምቡ ደሞ ገላህን የሚሰብረው በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ከፈነዳ ነው። ስለዚህ ካናትህ በላይ ሊደርስ ሲል ሳይለንቱን አጥፋ፣ ሙሉ ፍጥነት፣ መሪውን ሙሉ በሙሉ አዙር፣ ጥልቀት ቀይር። ሲፈነዳ ባሕሩ ይደፈርሳል፣ ለተወሰነ ጊዜ ማንም ማንንም አይሰማም፣ ያኔ ፓምፑም ጥገናውም ይሥራ። ድምፁ ሲበርድ መልሰህ ዝም በል፣ 2 ኖት፣ ጭራህን ለነሱ ሰጥተህ፣ ቀጭን ሆነህ። ይሄን እየደጋገምክ ነው የምትወጣው።

ጭራዋ ከብዶ ስትሰምጥ አየር መንፋት የመጨረሻ ነው የሚሆነው። ውሃ የያዘች ጀልባ ጭነቱ ወደ ኋላ የተንሸራተተበት አህያ ናት፣ ብትገፋት ወደፊት አትሄድም፣ መጀመሪያ ጭነቱን ነው የምታስተካክለው። ማለትም ሰው ሁሉ ወደዛ ክፍል ይግባ፣ ጥገና ቡድኑን እዛ አድርግ፣ ሌላ የተበላሸ ነገር ካለ ይቆይ፣ ፔሪስኮፑም መድፉም ይቆይ።

ሦስተኛው ሰርጡ ነው። በጣም ጠባቡ ቦታ 14 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ርዝመቱ ወደ 60። ታይፕ ሰባት ሲ ባትሪዋ ሙሉ ከሆነ በ4 ኖት 80 የባሕር ማይል ውሃ ውስጥ ትሄዳለች፣ ወደ 150 ኪሎሜትር ማለት ነው፣ ይበቃሃል። ግማሽ ያልሞላ ይዘህ፣ መሃል ላይ ሞተር በሙሉ ኃይል ካስነሳህ ግን በ1 ሰዓት አካባቢ ታራግፈዋለህ። መሃሉ ደሞ ጥልቅ ስለሆነ ታች ወለል ላይ ተቀምጠህ አትጠብቅም፣ ወለሉ ሳይደርስ ትሰበራለህ። አንዳንዱ ሰው ጅረቱ ይወስድሃል ይላል፣ እውነቱን ለመናገር በታሪኩ ልክ ነው፣ ከላይ ያለው ውሃ ከአትላንቲክ ወደ ሜዲትራንያን ይገባል፣ ጀርመኖቹም ተጠቅመውበታል፣ ይሄ ጌም ግን የባሕር ጅረት የለውም፣ ሞተር ካጠፋህ እዛው ቆመህ ነው የምትቀረው።

ስለዚህ ሰርጡ ውስጥ የሚያድንህ ነገር ነበር ወይ ላልከው፣ ከጠለቅክ በኋላ የለም። ያ ባትሪ ይዘህ መግባት አልነበረብህም።

ቀበና_ካፕቴን፦

ሳይለንት ረኒንግ ጥገና እንደሚያቆም ምንም አላውቅም ነበር፣ ማኑዋሉንም አላገኘሁትም። አመሰግናለሁ በጣም። ግን አንድ ያልገባኝ፣ ከኮንቮዩ በኋላ ስወጣ፣ ሩብ ባትሪ፣ ገላ 51፣ ቢስኬይን ተሻግሮ ሴን ናዜር መመለስ እኮ እሱም አውሮፕላን ነው፣ ያኔ ምን ይሻል ነበር? እዛ ቦታ ላይ ብትሆኑ እናንተ ወዴት ትዞሩ ነበር?

ሙሉ_ፍጥነት፦

እኔ ከላይ ካለው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሰርጡን ማለፍ ይቻላል፣ ያለፉትም ብዙ ናቸው። ከሴፕቴምበር 1941 እስከ 1944 ድረስ 62 ዩ-ቦቶች (የጀርመን ሰርጓጆች) ገብተዋል፣ ብዙዎቹ ሌሊት ከላይ ተንሳፍፈው ነው ያለፉት፣ አንተ እንዳሰብከው። ኖቬምበር 1941 ዩ-81 ጅብራልታር አፍንጫ ስር ሆና አርክ ሮያልን፣ ትልቁን አውሮፕላን ተሸካሚ፣ መታ አሰጥማለች። ስለዚህ ሀሳቡ እብደት አይደለም፣ ድፍረት ያስፈልገዋል እንጂ። እኔ ብሆን አንድ ሙሉ ሌሊት ከሰርጡ ርቄ ምዕራብ ወጥቼ ባትሪውንም አየሩንም ሙሉ አድርጌ፣ ቀን ጠልቄ ውዬ፣ በሚቀጥለው ሌሊት ጨረቃ በሌለበት በሞሮኮ በኩል ጠርዙን ይዤ እገባ ነበር። ዲስትሮየር ካየሁ ደሞ ያኔ ነው የምጠልቀው፣ ሙሉ ባትሪ ይዤ።

የመቆጣጠሪያ_ክፍል፦

ሙሉ ፍጥነት፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ከ62ቱ አንዷም ተመልሳ አትላንቲክ አልወጣችም። አንዴ ከገባህ እዛው ነህ። ዲሴምበር 1941 ደሞ በጣም መጥፎው ወር ነው፣ ጅብራልታር ላይ ራዳር የተገጠመላቸው ስዎርድፊሽ አውሮፕላኖች ሌሊት እየወጡ ያድኑ ነበር፣ ዲሴምበር 21 ዩ-451ን ታንጀር አካባቢ በጨለማ አሰጠሟት፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የተረፈው። በዛው ሳምንት ኤች ጂ 76 የሚባለው ከጅብራልታር የወጣ ኮንቮይ ላይ የዘመቱት ካፒቴኖች አምስት ጀልባ ከስረዋል፣ ኮማንደር ዎከር ነበር አጃቢዎቹን የሚመራው። ግሬይ ዎልቭስ እዛ አካባቢ ጥበቃውን አጥብቆታል። በጤነኛ ጀልባ አንተ እንዳልከው እሞክራለሁ። በ51 ግን በፍጹም።

ቀበና፣ ወዴት ትዞር ነበር ላልከው፣ ካዲዝ። እጅህ ላይ ነበረች። ስፔን ገለልተኛ ብትሆንም ወደቡ ውስጥ ታልያ የምትባል የጀርመን መርከብ ቆማ በድብቅ ለዩ-ቦቶች ናፍጣና ስንቅ ትሰጥ ነበር፣ ጌሙም ውስጥ አለች። ሌሊት ቀስ ብለህ ትገባለህ። ቢስኬይን መሻገር ግድ ከሆነ ደሞ ቀን ቀን ጠልቀህ፣ ሌሊት ብቻ ወጥተህ ባትሪ እየሞላህ፣ ታይም ኮምፕሬሽኑን ዝቅ አድርገህ ጠባቂዎቹ አውሮፕላኑን ቀድመው እንዲያዩ። ብዙ ቀን ይፈጃል ግን ይደረሳል።

ምፅዋ_1940፦

ይሄን ጥያቄ ሳነብ ትዝ ያለኝ ጌም ሳይሆን የኛው ቀይ ባሕር ነው። ጣልያን ጁን 10 ቀን 1940 ጦርነት ሲገባ ምፅዋ ላይ ስምንት ሰርጓጆች ነበሩት። ወሩ ሳያልቅ አራቱ ጠፉ። አራቱ! አብዛኛው ሰው ይሄን ታሪክ አያውቅም፣ የተበላሸ ቅኝት ማለት እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀይ ባሕር በጁን ወር ሙቀቱ ሰው ይገድላል፣ ተዘግተህ ውሃ ውስጥ ስትሆን ደሞ አስበው። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ተገጥሞላቸዋል፣ ማቀዝቀዣው የሚሠራበት ጋዝ ግን ሜቲል ክሎራይድ ነው፣ ሽታው እምብዛም የማይታወቅ መርዝ። ቱቦው ሲሾልክ ሠራተኞቹ ምን እንደነካቸው ሳያውቁ ይደነዝዛሉ፣ ይቀባዥራሉ፣ ይሞታሉ። ማካሌ የምትባለው፣ በኛው መቀሌ የተሰየመች፣ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ ተልካ ጋዙ ሰዎቹን አደንዝዟቸው መንገድ ስተው ጁን 15 ሌሊት ኮራል ድንጋይ ላይ ወጣች፣ ከዛ ተንሸራታ ሰመጠች። ሰዎቹ ውሃ በሌለበት ደሴት ላይ ለቀናት ተቀምጠው ጉሊየልሞቲ የምትባለው ሌላ ሰርጓጅ መጥታ ነው ያወጣቻቸው። ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ዓደን አካባቢ አንድ የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ ካሰጠመች በኋላ እዛው ቆየች፣ ስትታደን ጠልቃ ስትውል ያው ጋዝ ውስጧን ሞላው፣ መቆየት ስላልቻሉ ወጡ፣ ሙንስቶን የምትባል የታጠቀች ትንሽ የዓሣ አስጋሪ መርከብ በመድፍ መታ ጁን 19 ማረከቻት፣ ከነሚስጥር ወረቀቷ። ቶሪቼሊ ፔሪም ደሴት አጠገብ ከብዙ የእንግሊዝ መርከቦች ጋር ከላይ ሆና እስከመጨረሻው ተዋግታ ሰጠመች። ጋልቫኒ ኦማን ባሕረ ሰላጤ ላይ።

አሁን የምልህን ነገር አስተውለው። አርኪሜዴ የምትባለዋም በዛው ወር ያው ጋዝ ሾልኮባት ሰው ሞቶባታል፣ ያበደ ሰው ነበር ውስጧ። ካፒቴኗ ግን ቅኝቱን ትቶ አሰብ ገባ። ዘመቻው ከሸፈ። በኋላ ግን ተጠገነች፣ ማርች 1941 ምፅዋ ልትያዝ ስትል ከቀሩት ሦስቱ ጋር፣ ከፔርላ፣ ከፌራሪስና ከጉሊየልሞቲ ጋር ማለት ነው፣ ወጥታ አፍሪካን በደቡብ ዞራ በመንገድ ላይ ከጀርመን መርከቦች ነዳጅ እየቀዳች ሜይ ላይ ቦርዶ ፈረንሳይ ደረሰች። አራቱም ደረሱ። ምፅዋ ኤፕሪል 8 ተያዘች። ከመቆጣጠሪያ ክፍል ጋር የምስማማው ለዚህ ነው፣ ጀልባው ሲታመም የተመለሰው ካፒቴን ሰዎቹን አተረፈ፣ ትእዛዜን ልፈጽም ብሎ የቆየው አጣቸው። ጀርመንም ቢሆን ወደ 40,000 ከሚጠጉት የዩ-ቦት ሰዎች ሦስት አራተኛው ገደማ አልተመለሱም።

ደሞ ሳልጠቅሰው የማላልፈው፣ ጣልያን በወረራው ጊዜ የሠራቸውን የአዱዋ ዓይነት የሚባሉትን ሰርጓጆች በሙሉ በያዛቸው አገሮች ቦታዎች ነው የሰየማቸው፣ አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ አሸንጌ፣ አላጌ፣ ነገሌ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ደገሀቡር። የኛ ከተሞች ስም በሌላ ሰው ጦርነት ባሕር ስር ቀረ። ኦገስት 1942 አክሱም በአንድ ዙር አራት ቶርፒዶ ተኩሳ ሦስት መርከብ መታለች፣ ኦሃዮ የተባለችው ወደ ማልታ የምትሄደው ነዳጅ ጫኝ አንዷ ናት። ሲሆን እነዚህን የሚያጫውት ጌም ቢኖር እመኛለሁ፣ ቀይ ባሕርን ማንም በደንብ አልሠራውም።

ሀይፋ_ወደብ፦

ሽሬን ረሳሃት ወንድሜ። በጣልያንኛው ሺሬ የምትባለው፣ ቀበና በተጫወተበት ወር፣ ዲሴምበር 1941፣ እስክንድርያ ወደብ በር ድረስ ሄዳ በሰው የሚነዱ ቶርፒዶዎችን ለቅቃ ኩዊን ኤልሳቤጥና ቫሊያንት የሚባሉትን ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ወደቡ ወለል ላይ አስቀምጣቸዋለች። ከዛ በፊት ራሱ ጅብራልታር ድረስ ደጋግማ ገብታለች፣ ሴፕቴምበር 1941 የገባች ጊዜ ልጆቿ መርከቦች አፈንድተዋል። ለቀበና የሚጠቅመው እንዴት ገባች የሚለው ነው፣ በስፔን ጠረፍ በኩል፣ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነበት፣ ቀስ ብላ፣ ወለሉ ላይ እየተቀመጠች። መሃሉን አልነካችም። ጌሙ ላይም የስፔን ጠረፍ ሳሳ ያለ ጥበቃ ነው ያለው፣ ጥልቀቱም 100 ሜትር የማይሞላበት ቦታ አለ፣ ሞተር አጥፍተህ ተቀምጠህ ጥገና ታስጨርሳለህ።

እሷም ኦገስት 10 ቀን 1942 እዚህ እኔ ያለሁበት ከተማ፣ ሀይፋ፣ ፊት ለፊት ነው የሰጠመችው። 33 ሜትር ላይ ናት፣ ጠላቂዎች ይሄዱባታል። ስሟን መጀመሪያ ስሰማ ደንግጫለሁ።

ቀበና_ካፕቴን፦

ካዲዝን ካርታው ላይ አየኋት፣ እውነትም ከነበርኩበት አንድ ሌሊት አይሞላም። የምፅዋውን ታሪክ ደሞ ማታ ለጓደኞቼ እነግራቸዋለሁ፣ ሁላችንም አናውቀውም። አዲስ ካሪየር ከብሬስት ልጀምር ነው፣ በግጭት ማፈንጃ፣ ገላዋ ከ80 በታች ከወረደ ቀጥታ ወደ ወደብ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ረጅም ቅኝት ላይ መብራት ሲሄድብኝ ሴቭ ማድረግ ግድ ነው፣ ውሃ ውስጥ እያለሁ ሴቭ ያደረግኩት አንዴ አልከፍትም ብሎኛል፣ ለሱ መላ አለው?

ናፍጣ_ሽታ፦

ውሃ ውስጥ እያለህ፣ ወይ አጠገብህ ኮንቮይ ወይ አውሮፕላን እያለ ሴቭ አታድርግ፣ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ይበላሻል። ወደ ላይ ውጣ፣ ከመሬትም ከመርከብም ራቅ በል፣ ሃይድሮፎኑ ምንም እንደማይሰማ አረጋግጥ፣ ከዛ በየጊዜው በአዲስ ስም ሴቭ አድርግ፣ በድሮው ላይ አትደርብ። ላፕቶፑ ባትሪ 20 ፐርሰንት ሲል አትጠብቅ፣ ያኔውኑ ውጣና ሴቭ አድርግ። ግሬይ ዎልቭስ ለመክፈት ረጅም ደቂቃ ይፈጃል፣ የቆመ ቢመስልህም ዝም ብለህ ጠብቀው፣ አትዝጋው።